የውባየሁ ተሳቢ መብራት ነበረው

ለምወድሽ ታላቅ እኅቴ ለትሕትና አባይነህ፣
ጂንካ

እንደምን ሰንብተሻል እታለም? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታስታምሚ ቆመሽ እንደምትውዪ ስለማውቅ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅሽ እሱን ነው። ደምሰውስ እንዴት ነው? አርሴማ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ስድስተኛ ክፍል ገባች ብለሽኝ ነበር፤ እኔ እኮ እስካሁን የማስባት የፊት ጥርሶቿ እንደ ወለቁ ነው። እኛ ጋ ውርጩ ዘንድሮ ቶሎ ገባ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ያስቸግራታል፣ ቤተ ክርስቲያን ግን አታስታጉልም። በጎቹ ደህና ናቸው፣ ገብሱም አላሳፈረንም። እኔም በአካሌ ደህና ነኝ።

በስልክ ስንነጋገር ኖረን ዛሬ ምን ደብዳቤ አስጻፈህ ትዪኝ ይሆናል። ይህን ነገር ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ በጎቹ አውርቼ ዘጋሁት። ደግሞ ልማድሽን አውቃለሁ፣ ደብዳቤ ሲደርስሽ ከመጨረሻው ነው ማንበብ የምትጀምሪው። ዛሬ ግን እባክሽ ከላይ ጀምረሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የምጽፍልሽ ስለ ወንድማችን ስለ ወዳጆ ሞት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እውነት ነው ብለሽ የያዝሽው ነገር እውነት አይደለም፤ ያሳሳትኩሽም እኔ ነኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ ተጎታች ቤት ነው። በጥቅምት መጨረሻ የዓይን ሕክምና የሚሰጡ ሰዎች ይዘውት መሐል ሜዳ መጡ። ነጭ ሆኖ በርና መስኮት ያለው፣ ውስጡ አልጋና የእጅ መታጠቢያ የተሠራለት፣ በሁለት ጎማ የሚሄድ ቤት ነው። ፈረንጆች ለሽርሽር ሲሄዱ ከመኪናቸው ኋላ አስረው የሚያድሩበት ነበር አሉ። አሁን አልጋው የዓይን መመርመሪያ ሆኗል። በላንድክሩዘር እየተጎተተ ቀየትና ራቤል፣ ከዚያም ወዲያ መኪና አልፎ አልፎ ብቻ የሚያዩ ቀበሌዎች ድረስ ሄዶ፣ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዓይናቸውን የሚወጋቸውን ሰዎች ሊያክም ነው። ሥራውን የምትመራው ሲስተር ገሊላ የምትባል ቀልጣፋ ነርስ ናት፤ ብታውቂያት ትወጂያታለሽ። ታዲያ ውስጡ እንዲህ አምሮ ሳለ ከውጪ መብራቶቹ አንዱም አይሠራም። ሽቦውን አይጥ በልቶታል፣ የተረፈውን ደግሞ ሰው በጣጥሶታል። የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻ የሌለው ተጎታች መንገድ ላይ ስለማይወጣ ወደ እኔ ጋራዥ አመጡት።

በዚያው ሳምንት ማን ይንዳው የሚል ነገር ተነሣ። የጊሼ ወረዳን ገደልና ጭቃ ከማንም በላይ የሚያውቀው ውባየሁ ነው ተባለ። እታለም፣ ይህን ስም ስታነቢ ምን እንደሚሰማሽ አውቃለሁ። አንቺው ነሽ በስልክ “የዚያ ሰው ስም ሁለተኛ ቤታችን ውስጥ እንዳይነሣ” ያልሽው። አልተነሣምም። ነገር ግን እዚህ አገር የሟች ቤተሰብ እሺ ሳይል እንዲህ ያለውን ሰው የሕዝብ መኪና ላይ አያስቀምጡትም፤ ስለዚህ ሕክምናውን የሚያስተባብሩት የከተማው ኮሚቴዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ቤታችን ድረስ መጥተው እማዬን ጠየቋት። እማዬም “እሱ የሚነዳው መኪና የሚያመጣልኝን መድኃኒት ዓይኔ ቢጠፋ አልፈልገውም” አለቻቸው። ወደ እኔ ዞሩ። እኔም “እናቴ ያለችው ነው” አልኩ።

ያን ቀን የሆነውን እንደገና ላስታውስሽ፣ ሁሉንም በሥርዓቱ እንድትረጂው። ነሐሴ 2014 ነበር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ውባየሁ ትራክተር እየነዳ፣ በተሳቢው ድንጋይ ጭኖ የጓሳን ሜዳ በዝግታ ያቋርጥ ነበር። ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ወዳጆ በሞተር ብስክሌት ከኋላው መጣ። የተሳቢው የኋላ መብራት አልበራም ነበርና ሳያየው ሄዶ ገባበት። ውባየሁ ፍርድ ቤትም ሽማግሌ ፊትም “ከመሐል ሜዳ ስነሣ በርቶ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ” ብሎ ማለ። ማንም አላመነውም። ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ። ሲፈታ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ደጃችን ላይ ቆመ። እማዬ ድንጋዩን አውርድ ሳትለው ፊቷን አዙራ ገባች። መንጃ ፈቃዱ ከተመለሰለት ቆይቷል፤ መኪና የሚያምነው ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘም።

የዚያን ተሳቢ መብራት የሠራሁት እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ውባየሁ ምስክር ብሎ የጠራውም እኔኑ ነበር፤ “የሠራው የሟቹ ወንድም ነው፣ ጠይቁት፣ ደህና አድርጎ ነው የሠራው” አለ። ሲጠይቁኝ “እኔ ሳስረክበው ይሠራ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳደረገው እሱ ያውቃል” አልኩ። እስከዚህ ድረስ ሰምተሻል። ያልሰማሽው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

መብራት እንዲበራ ሁለት መንገድ ይፈልጋል፤ አንዱ ከባትሪው ወደ አምፖሉ የሚሄድበት፣ ሌላው የሚመለስበት። የሚመለስበት ሽቦ ለሁሉም አምፖሎች አንድ ከሆነ፣ እሱ ሲበጠስ ሁሉም በአንዴ ይጠፋሉ። ከፊት የተቀመጠው ሹፌር ደግሞ አንዳች የሚያውቅበት ነገር የለውም። እኔ ያን ሽቦ ከትራክተሩ ጋር ከሚያያዝበት ከተሳቢው አንገት አጠገብ ቀጥዬው ነበር። ሽቦ የሚጠቀለልበት ጥቁሩ ናስትሮ በእኛ ውርጭ ደርቆ እንደሚሰነጠቅ ስለማውቅ፣ ብልኅ ነኝ ብዬ መጋጠሚያውን በባና፣ በሱፍ ብርድ ልብሳችን ቁራጭ፣ ጠቀለልኩትና በክር አሰርኩት። መቼም እኛ መንዞች የሚበርደው ነገር ሁሉ ሱፍ ሲለብስ የሚድን ይመስለናል፣ የውኃ ቱቦ ሳይቀር ባና እናለብሳለን። ሌላ አገር ያለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይህን ቢሰማ ይስቅብኛል፣ ቢስቅም እውነት አለው። ሱፉ የክረምቱን ዝናብና ጉም ጠጥቶ ሁለት ወር ሙሉ መዳቡ ላይ ይዞት ከረመ።

ወዳጆ በተቀበረ በአራተኛው ቀን ሞተሩን ልረከብ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ትራክተሩ ከነተሳቢው ግቢው ውስጥ ቆሟል። የሚያየኝ ሰው አልነበረምና ሥር ገብቼ ክሩን በቢላዋ በጠስኩት። ባናው እንደ ራሰ ነበር። መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ በጣቴ ስነካው እንደ አመድ ብን አለ። ውባየሁ አልዋሸም። መሐል ሜዳ ሲነሣ በርቶለታል፣ የጓሳ መንገድ ሲያንገጫግጨው ደግሞ የመጨረሻዋ የመዳብ ክር ተበጥሳለች። ያን ጊዜ ያደረግኩት መጮኽ አልነበረም። ሽቦውን ከነባናው ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ነው ያን ቃል የተናገርኩት።

ለምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ለብዙ ጊዜ ለእማዬ ስል ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር፤ ምክንያቱም ባናውን የሰጠችኝ እሷ ናት። ከድሮው ባናዋ ጫፍ ቀድዳ “ይሙቀው እንግዲህ” ብላ ስቃ ነበር የሰጠችኝ። ይህን ብታውቅ ወዳጆን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብላ ትሞታለች እል ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼ ነው። ወንድሜን ገደልኩ ከማለት ሌላ ሰው ገደለው ማለት ቀለለኝ። ውባየሁ እስር ቤት ሲገባ ሚስቱ ጥሩሸዋ ስንቅ ተሸክማ በጋራዤ ፊት ታልፍ ነበር፣ እኔም ሞተር ሥር እገባ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ያ ነጭ ቤት ደጄ ላይ የቆመው። የሁለት ቀን ሥራ ነው፣ እኔ ግን ዘጠኝ ቀን ፈጀሁበት። አሮጌውን ሽቦ ሁሉ አውጥቼ ጣልኩት። የሽቦ ቀለም አላመንኩም፣ እያንዳንዱን በመሞከሪያ አምፖል ፈትሼ የየትኛው መብራት እንደሆነ ጻፍኩበት። ለመመለሻው ከኋላ እስከ ላንድክሩዘሩ ድረስ መጋጠሚያ የሌለው የራሱን ወፍራም ሽቦ ዘረጋሁለት። ብረት የሚነካበትን ቦታ ቀለሙን እስኪያብረቀርቅ ፋቅኩት። የቀሩትን መጋጠሚያዎች በቀለጠ ቆርቆሮ በየድኩና ጎማ ባለው ዝግ ሣጥን ውስጥ አስገባኋቸው። አንገቱ ጋ መኪናው ሲጠመዘዝ እንዳይወጠር፣ ግን መሬትም እንዳይነካ ለክቼ ተውኩለት።

የዚህ ሥራ መጨረሻ ደግሞ ብቻሽን የማትጨርሺው ነው። አንድ ሰው ከፊት ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ መብራቱን ያያል። እኔ ገብቼ ረገጥኩ፣ ሲስተር ገሊላ ከኋላ “በርቷል!” ብላ ጮኸች። ቀኝ ፍሬቻ፣ “በርቷል!” አለች። ግራ፣ “በርቷል!” አለች። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ልጅቱ ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ንስሐ አባታችን ወደ መምሬ ተክለጻድቅ ነው። ሰምተውኝ ሲያበቁ “ኃጢአትህን ለእኔ ነገርከኝ፣ መልካም ነው። የዚያ ሰው ስም ግን የጠፋው በሸንጎ ነው፣ እኔ ጋ በሹክሹክታ አይመለስም” አሉኝ።

ለእማዬ የነገርኳት በማግሥቱ ነው። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር። ሁሉንም ሳላስቀር ነገርኳት። እንዝርቷን አቁማ “ያ እኔ የሰጠሁህ ባና ነው?” አለችኝ። አይደለም ልላት ነበር እታለም፣ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። አዎ አልኳት። ከዚያ “እኔ እንዲሞቅ ብዬ ሰጠሁህ፣ አንተም እንዲበጅ ብለህ ጠቀለልከው። ወዳጆን ያጣነው በስሕተት ነው። ውባየሁን ግን በስሕተት አላሳሰርከውም፣ እያወቅክ ነው” አለች። ቀጥላ ደግሞ “ደጄ ላይ ቆሞ ሳለ ፊቴን ያዞርኩበት እኔ ነኝ” ብላ በነጠላዋ ዓይኗን ሸፈነች። ሁለት ቀን እህል አቀረበችልኝ እንጂ አላነጋገረችኝም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ “ተነሥ” አለችኝ። መምሬንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን በሚኒባስ ቀየት ሄድን። የውባየሁ ግቢ ልንደርስ ስንል ከማሳ ዳር ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ ላደርግ ስል እማዬ አየችውና “ትንሽ ነው፣ ሌላ አንሣ” አለችኝ። ሌላ አነሣሁ። ጥሩሸዋ በር ከፍታ እማዬን ስታይ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ውባየሁ ከጓሮ መጣ፤ ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል። መምሬ ነገሩን ሊከፍቱ ሲሉ እማዬ “ይቅርታዎን አባቴ፣ ራሱ ይናገር” አለች። ድንጋዩን እንደተሸከምኩ ተናገርኩ። ሲያልቅ ያን ሽቦ ከነባናው አውጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩት።

ውባየሁ አንሥቶ አገላብጦ አየው። እኔ ይሰድበኛል ወይ ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ “በርቶ ነበር ማለት ነው?” አለኝ። “በርቶ ነበር። ጓሳ ላይ ነው የጠፋው፣ አንተ ከፊት ሆነህ ልታውቅ አትችልም ነበር” አልኩት። ወደ ሚስቱ ዞሮ “ሰማሽ? በርቶ ነበር” አላት፣ ደግሞ ደገመላት። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቆይቶ ለጥሩሸዋ ሲነግራት እንደሰማሁት፣ እስር ቤት ሆኖ ከብዙ ማሰላሰል የተነሣ በዓይኑ ያየውን መጠራጠር ጀምሮ ኖሯል። በሐሰት ምዬ ይሆን እያለ ሥጋ ወደሙ ሳይቀበል ሦስት ዓመት ከረመ። ይህን ስሰማ ከእስራቱ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ድንጋዩን አውርድ ያለችኝ ጥሩሸዋ ናት። ለእኔ አዝና ሳይሆን እማዬ ቆማ ስለነበር ይመስለኛል። ውባየሁ የእማዬን ጉልበት ስሞ ወደ ቤት አስገባት፣ እሷም አንገቱን አቅፋ አልለቅም አለች። ለእኔ ግን እሺም እምቢም አላለኝም። ሽማግሌዎቹ ሊጫኑት ሲሉ መምሬ ከለከሏቸው። እውነቱን ነው፣ ምን ሊለኝ ይችላል?

ኮሚቴው ፊትም ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ እማዬም እሺ ስላለች ሹፌርነቱ ለውባየሁ ተሰጠ። ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ውባየሁ ተጎታቹን ሊረከብ ጋራዤ መጣ። ሌላ ቃል ሳይናገር “ግባና ፍሬን ርገጥ” አለኝ። እኔ ረገጥኩ፣ እሱ ከኋላ ቆመ። ቀኝ፣ ግራ፣ የኋላ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ሥሩ ገብቶ ሣጥኑን አስከፍቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተላቸው። እጁን ጠርጎ ለሲስተር ገሊላ “ጥሩ ነው፣ እንሂድ” አላት። እኔ በእግሬ እስከ ከተማው ዳር ተከተልኳቸው። ጉም ወርዶ ነበር። ነጩ ቤት ወዲያው ጠፋ፣ ሁለቱ ቀይ መብራቶች ግን ለብዙ ጊዜ ይታዩኝ ነበር፣ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ። ራቤል በሰላም ገብተው ሥራ ጀምረዋል።

አሁን የቀረውን ስሚኝ። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ። የውባየሁ የፍርድ መዝገብ የሚስተካከለው ያን ጊዜ ነው። ማስረጃ በመደበቄ ልታሰር እንደምችል ሕግ የሚያውቅ ሰው ነግሮኛል፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። እኔን ለማስፈታት ብለሽ እዚህና እዚያ እንዳትሮጪ። የምትቆጪኝን ሁሉ እችለዋለሁ፣ ዝም ብትዪኝም ይገባኛል። እማዬ ግን ብቻዋን እንዳትሆን፣ ፈቃድ ካገኘሽ ለጥምቀት ነይላት። አሁን ባና አትሠራም። ጠጉሩን ትፈትለዋለች፣ ፈትላ ስታበቃ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እንደ ሴት ልጅ ቀርበሽ ካላናገርሻት እኔ ልደርስባት አልቻልኩም። ለውባየሁም አንድ ቃል ብትልኪለት፣ እኔ ልልክለት የማልችለውን ትልኪለታለሽ።

ለደምሰው የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ይህን ደብዳቤ ቢያነበው አላፍርም። አርሴማን ዓይኗን ሳሚልኝ፣ አጎትሽ ይወድሻል በያት። ጎረቤቶችሽን፣ አብረውሽ የሚሠሩትንም ሰላም በይልኝ። እማዬ ጉንጭሽን ደጋግማ ስማሻለች። መምሬ ተክለጻድቅ እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለውሻል። ሲስተር ገሊላ ባታውቅሽም ለሙያ ጓደኛዬ ብላ ሰላምታ ልካልሻለች። ጥሩሸዋም ስለ አንቺ ጠይቃኝ ሰላም በልልኝ ብላለች። ውባየሁ ሰላምታ አልላከም፤ እኔም ላክ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ወንድምሽ ምንይሉ አባይነህ
መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.